ሙያ በደብተር

«ሲስተም የለም።»

ይቺን ቃል ያልሰማ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወረፋ ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል ትነግርሃለች። አንተም «እሺ» ብለህ ትመለሳለህ። እንደ ዝናብ ነው የምትቆጥረው። ዝናብን ማን ይከሳል?

እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ያለሁት ሰው ነኝ። ደሴ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። የቅጥር ደብዳቤዬ «የአይቲ ባለሙያ» ይላል። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እኔ ነኝ። የሥራ አስኪያጁ ስልክ በፎቶ ሲሞላ እኔ ነኝ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሲጠፋም፣ አልዋሽም፣ እኔው ነኝ። ከዚህ ሁሉ ግርግር ሥር ማንም የማያየው አንድ የዳታቤዝ ሰርቨር አለ። የታካሚው ስም፣ የላብራቶሪው ውጤት፣ የመድኃኒቱ ሒሳብ እዚያ ነው ያለው። እሱ ሲቆም ክሊኒኩ ይቆማል።

ያንን ሰርቨር አንድ ቀን በገዛ እጄ ገድዬዋለሁ።

ነሐሴ 2008 ነበር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማው ላይ ይተኛል፣ መኪናው በቀን መብራት አብርቶ ይሄዳል። ሥራ ከጀመርኩ 23ኛ ቀኔ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የካርድ ክፍሏ እትዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ያ ነገርህ ቆሟል» አሉኝ። ኮምፒውተርን በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

ሰርቨሩ ያለው ደረጃ ሥር፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ነው። ገብቼ አየሁት። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዙ ፕሮግራም ዲስክ ሲሞላበት ወዲያው አይሞትም፤ ቦታ እስኪገኝ ቆሞ ይጠብቃል፣ በየደቂቃው እየሞከረ። ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ኮሪደሩ በሰው መሙላቱን ብቻ ነው።

ከእኔ በፊት ለነበረው ልጅ ደወልኩ። አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ነው የሄደው፣ አልፈርድበትም። ሥራውን ያስረከበኝ በአንድ ከሰዓት ነው። የዳታቤዙን ፓስዎርድ ለእኔ ሲል ቀየረና ሶፍት ላይ ጻፈልኝ። «ሌላውን እየሠራህ ትለምደዋለህ» አለኝ። ስልኩ ዝግ ነበር።

ስለዚህ ብቻዬን ወሰንኩ። ትልቁ ፋይል የቱ ነው ብዬ ፈለግሁ። አይቢዳታ1 የሚባል ነው፤ አብዛኛውን ዲስክ የያዘው እሱ ነው። ከጎኑ ስማቸው ውስጥ «ሎግ» የሚል ያለባቸው ሁለት ፋይሎች አሉ። ሎግ ማለት ለእኔ የተጠራቀመ ማስታወሻ ነበር፣ ቢጣል የማይጎዳ። ሦስቱንም አጠፋኋቸው።

ነገሩ የሚገባችሁ አሁን ፊታችሁን እንደሸፈናችሁ አውቃለሁ። ለማይገባችሁ ልንገራችሁ። የክሊኒኩ ማይኤስኪውኤል 5.5 ነበር። በዚያ ስሪት፣ ሆን ብለህ ካልቀየርከው፣ ኢኖዲቢ የሚባለው መረጃ አስቀማጭ ክፍሉ የሁሉንም ሰንጠረዥ መረጃ አንድ ፋይል ውስጥ ነው የሚከተው። ፋይሉ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ከውስጡ ብትሰርዝም ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። አይቢዳታ1 ያ ፋይል ነው። ቆሻሻ መስሎኝ የጣልኩት ጎተራውን ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን የቀጠለው ነው። ካጠፋሁ በኋላ ዲስኩን ሳየው አሁንም ሙሉ ነው። ሰርቨሩ በሚሠራበት በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል ስታጠፋ የሚጠፋው ስሙ ነው። ፕሮግራሙ እስኪለቀው ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ሰርቨሩ ገና አልቆመም ነበር። መረጃው ሁሉ በእጁ ነበር። ፕሮክ በሚባለው ማውጫ በኩል ገብቶ ቀድቶ ማውጣት ይቻል ነበር። እጄን ሰብስቤ ብቀመጥና የሚያውቅ ሰው ብጠይቅ ይተርፍ ነበር። እኔ ግን «አጥፍቼ ላብራው» አልኩ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። የሰንጠረዦቹ ስም ተዘርዝሮ ወጣ፤ ልቤ መለስ አለ። አንዱን ስከፍት «የለም» አለኝ። ሌላውን ከፈትኩ። «የለም።»

ባክአፕ አለ፣ አልኩ ለራሴ። እውነትም በየሌሊቱ የሚሠራ ስክሪፕት ነበር። ማውጫው ውስጥ ቀን የተጻፈባቸው ፋይሎች ተደርድረዋል። የትናንቱን ከፈትኩ፣ ባዶ። የትናንት በስቲያውን፣ ባዶ። ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ 23 ባዶ ፋይል። መረጃ ያለው ከእነሱ በፊት የነበረው ነው። ልጁ ፓስዎርዱን ለእኔ ሲቀይር ስክሪፕቱ አሮጌውን ይዞ ቀርቷል። በየሌሊቱ ይሄዳል፣ ዳታቤዙ በር ይዘጋበታል፣ እሱም ባዶ ፋይል ፈጥሮ ቀን ጽፎበት ይመለሳል። የጠየቀው ሰው የለም። እኔ ሥራ የተረከብኩ ቀን ባክአፑ ሞቷል ማለት ነው።

ደረጃው ሥር ቁጭ አልኩ። እትዬ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው ድምፄ ተቆራረጠ።

«አብሽር» አሉኝ።

«አይዞህ» ማለት ነው፣ ግን ከ«አይዞህ» ትንሽ ይከብዳል። እኛ ጋ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ሄደው ትልቅ መዝገብ ታቅፈው መጡ። ሲስተሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ታካሚ በእጃቸውም ይጽፉ ኖሯል። «ድርብ ሥራ ነው፣ ይተዉት» ቢባሉም አልተዉም።

«መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር ላይ የሰው ስም አይጣልም» አሉ፣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ እያስቀመጡ።

ሦስት ሌሊት፣ አራት ሰው ሆነን፣ የ23ቱን ቀን መረጃ ከመዝገቡና ከካርዶቹ መልሰን አስገባን። ቡናው አልተቋረጠም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከዚያ ሌላ አቦል። ከላብራቶሪው ውጤት ግን የቀረ አለ፤ ወረቀቱ ለታካሚው ተሰጥቶ ሄዷል። ተጠርተው እንደገና ደም የሰጡ ሰዎች ነበሩ። እሱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ተረቱ ሲነሳ ደግ ነው፤ አትጎርር፣ ሥራህ ይናገር ነው የሚለው። ቢሮ ሲገባ ግን ሌላ ሆኗል። የሚያውቀው ሰው ትእዛዝ ሲጽፍ ስክሪኑን በትከሻው ይጋርድሃል። ስትጠይቀው «ቀላል ነው» ብሎ ራሱ ይሠራልሃል። ቀላል ከሆነ ለምን አታሳየኝም? መልሱን ኋላ በራሴ ደረስኩበት። የሚያውቀው እሱ ብቻ ሲሆን አይባረርም።

ይህ ደግሞ የአባቶቻችን ጠባይ ነው ሲሉኝ አልቀበልም። አያቴ በልጅነታቸው ደረሳ ነበሩ። ሉህ ላይ ይጽፋሉ፣ ሲሸመድዱት አጥበው ሌላ ይጽፉበታል። ሸሁ ሁሉንም አያቀሩም፤ የገፋው ደረሳ ጀማሪውን ያቀራዋል። ዋድላ ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ብትጠይቁም ተመሳሳይ ነገር ይነግራችኋል፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽለዋል። እነሱም በልብ ነበር የያዙት። ግን የያዘው ሁሉ ሥሩ ታናሽ ነበረው።

ከዚያ ነሐሴ በኋላ የማስቀጽለው ሳይሆን የሚያስቀጽለኝ ፈለግሁ። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮምፒውተር ሲጠብቁ የኖሩ አንድ ጋሼ እንዳሉ ነገሩኝ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎን ስትወርድ ብርዱ ደሴ ይቀራል፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ታሪኬን ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ተነስተው ከቁም ሳጥን ሰማያዊ የተማሪ ደብተር አወጡ።

እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን አለ። ከዚያ አራት ነገር፦ ምን ሆነ፣ ምን መሰለኝ፣ ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ። እኔን የያዘኝ «ምን መሰለኝ» የሚለው ነው። የተሳሳቱትን ግምት ሳይሰርዙ ነው የተዉት። አንድ ገጽ ላይ «ዛሬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ይላል፣ ሁለቴ ተሠምሮበታል።

«ይህን ለሰው ያሳያሉ?» አልኳቸው።

«አንተ ሰው አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

ዘጠኝ ቅዳሜ ተመላለስኩ። እሳቸው የሚያውቁት ኦራክል ነው፣ የእኔ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ግን ጠባዩ ይመሳሰላል። ከመንካትህ በፊት ቅዳ። ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚነሳው ከዳታቤዙ ማውጫ ውጭ ያለው ዕቃ ነው። የዳታቤዙን ፋይል በእጅህ አታጥፋ፤ ባይነሪ ሎግ የሚባለው የለውጦች መዝገብ እንኳ ቢበዛ ሰርቨሩን ራሱን አዝዘው፣ እሱ ያጽዳው። ሬፕሊካ፣ ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጠው ሁለተኛ ሰርቨር፣ ባክአፕ አይደለም፤ እዚህ የጣልከውን ሰንጠረዥ እዚያም ተከትሎ ይጥልልሃል። ቅጂው ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። ፓስዎርዱ ታሽጎ ካዝና ይግባ። ሶፍት ላይ የተጻፈውን ሲሰሙ ግን ሳቁ።

ሌሊት ሌሊት ደግሞ፣ ኢንተርኔቱ ሲረክስ፣ ማኑዋሉን እያወረድኩ አነባለሁ። እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል። ስለዚህ አንድ ልማድ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትን በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው። ዴድሎክ ሲያስቸግረኝ ሐረጎ ነው የመጣልኝ። ሁለት የጭነት መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ ተፋጠዋል፣ እያንዳንዱ ሌላው እንዲለቅለት ይጠብቃል። ሾፌሮቹ እስከ ማታ ሊጨቃጨቁ ይችላሉ። ዳታቤዙ ግን ወዲያው አንዱን መርጦ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሌላው ያልፋል። የተመለሰው እንደገና መሞከር አለበት፤ ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር ነው «ሲስተሙ አንዳንዴ ይበላዋል» የሚለው።

አንድ ሌሊት ደግሞ ያጠፋኋቸው ሁለቱ የ«ሎግ» ፋይሎች ምን እንደነበሩ አነበብኩ። ኢኖዲቢ ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ ሎጉ ላይ ይጽፋል፣ ሰንጠረዡን በኋላ ቀስ ብሎ ያስተካክላል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ሲነሳ ሎጉን አንብቦ የጎደለውን ይሞላል። ደብተሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እትዬ እኮ ናቸው! ካርዱን ከማውጣታቸው በፊት መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ። እኔ የሰርቨሩን መዝገብ ጥዬ ነበር፣ ያዳነኝ የእሳቸው መዝገብ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ሌላ ነገር አነበብኩ። ጊትላብ የሚባል፣ የዓለም ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት አለ። ጥር 23 ቀን 2009፣ በፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት፣ አንድ የደከመው ኢንጂነራቸው ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ማውጫ ማጥፋት ጀመረ። ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ነበር። አምስት ዓይነት የባክአፕና የሬፕሊኬሽን ዘዴ ነበራቸው፣ አንዱም እንደታሰበው አልደረሰላቸውም። ባክአፑን የሚያወጣው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ስሪት ጋር አይገጥምም ነበር። «ባክአፑ አልተሳካም» የሚለው ኢሜይል ደግሞ መንገድ ላይ ይመለስ ነበር። የተረፉት ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ባነሳው ቅጂ ነው።

ይህን ሁሉ የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ሰርቨሩን ሲጠግኑ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ። የሥራ ማስታወሻቸውን ለዓለም ከፈቱ። እኔ ስለ 23ቱ ባዶ ፋይሎች ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም ነበር። ያን ቀን ማታ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ እንደ ጋሼ ያለ የራሴን የብልሽት ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነሐሴው ታሪክ አለ፣ «ምን መሰለኝ» ከሚለው ጭምር።

የቅዳሜው ስብሰባ እንዴት እንደተጀመረ በትክክል አላስታውስም። አንድ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ለተግባር ልምምድ መጣ፣ ጓደኛውን አስከተለ፣ ጓደኛው እህቱን። አሁን ከሰዓት፣ ክሊኒኩ ሲቀዘቅዝ፣ አራትም ስድስትም ሆነን ካርድ ክፍል እንቀመጣለን። እትዬ ቡና ያፈላሉ። ኮርስ አይደለም። ማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም። አንዱ የሳምንቱን ብልሽት ያመጣል፣ እንነታረካለን። የታካሚ እውነተኛ መረጃ ግን አይወጣም፤ ለመማሪያ ብለን በሐሰት ስሞች የሞላነው ሌላ ዳታቤዝ አለን። የአጎራባች ሰው ደም ግፊት ምሳሌ ሆኖ ቡና ላይ አይቀርብም።

በዚህ ቅዳሜ የተማርኩትን የትኛውም የውጭ ማኑዋል ላይ አላገኘሁትም። የስማችንን ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

«መሐመድ» የሚለውን ስም ውሰዱ። በመ ወይም በሙ ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። 12 አጻጻፍ ሆነ። ለጆሯችን አንድ ሰው ነው፣ ለዳታቤዙ 12 ሰው ነው። ሰይድ ዓሊን ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል። ዓሊ በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ ይሆናል። ስምንት። ወሎ ውስጥ ሰይድ ዓሊ ስንት እንዳለ ደግሞ እናንተው ገምቱ።

ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። አንዲት እናት ልጇን በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አመጣችው። ሦስት ጸሐፊ፣ ሦስት አጻጻፍ፣ ሦስት ካርድ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው አንዱ ላይ ብቻ ነበር። ያገኙት እትዬ ናቸው፣ ልጁን በመልኩ ስለሚያውቁት።

የሠራነው መፍትሔ ቀላል ነው። ስሙ ሰውየው እንደጻፈው ይቀመጣል፤ የሰው ስም አይታረምም፣ ይቀየማል። ከጎኑ ግን ሌላ ዓምድ አለ። እዚያ ውስጥ ሁሉም የሀ ዘር ወደ አንድ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳል። ኢንዴክሱ፣ ማለት ፈጥኖ ማግኛው፣ እሱ ላይ ነው፣ ፍለጋውም እሱ ላይ። የሚፈለገው ስምም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ወንፊት ያልፋል። መና ሙ ሲለያዩ ግን ይህ አይበቃም፤ ለእሱ የአያት ስምና ቀበሌ እንጨምራለን። አንድ ልጅ «ሃይማኖቱንም ከስሙ ብንገምት ይለያል» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የሌላ አገር ልጅ ነው። እትዬ ሲኒውን አስቀምጠው እስኪያነባቸው ሳቁ። ወሎ ውስጥ ስም አይተህ ሃይማኖት ትገምታለህ? አባትዬው አህመድ፣ ልጁ ዲያቆን የሆነበት ቤት ስንት አለ!

የፊደሉ ራሱ ነገርም አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዩቲኤፍ8 በሚባለው አጻጻፉ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። አሮጌው ማይኤስኪውኤል ግን ሳትነግረው ላቲን1 የሚባለውን የፈረንጅ ፊደል ስብስብ ነው የሚጠቀመው፣ ያውም በስዊድንኛ የፊደል ቅደም ተከተል። ሠሪዎቹ የስዊድን ኩባንያ ስለነበሩ ነው። ዋናው ሠሪ ሞንቲ ዊዴኒየስ ስሙን ያወጣው ከልጁ ከማይ ነው፤ ኋላ የሠራው ዳታቤዝ ማሪያዲቢ ደግሞ የታናሿ የማሪያ ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ይሄስ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው» አሉ። ለማንኛውም፣ የአማርኛው ጽሑፍ ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ እና ዲስኩ ላይ የተቀመጠውም ጥያቄ ምልክት ከሆነ፣ አልቅሱ፣ አይመለስም። የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ባይቶቹ ብዙ ጊዜ አሉ፣ ይመለሳል። ይህን ልዩነት ሳላውቅ አንድ ሰንጠረዥ «አስተካክላለሁ» ብዬ ከዝብርቅርቅ ወደ ጥያቄ ምልክት የቀየርኩበት ቀን ደብተሬ ላይ አለ፣ ገጽ 9።

ከሁሉ የምወደው ግን የጥቅምቱን ነው። ያገኘችው ያቺ የመጨረሻ የመጣችው እህት ናት። ዝም ያለች ልጅ ናት፤ ለወራት ቡና ከመጠጣት በቀር አልተናገረችም። አንድ ቅዳሜ «የልደት ቀናቸው ዜሮ የሆኑ ልጆች አሉ» አለች። ሁላችንም ጸሐፊዎቹ ሳይሞሉት ቀርተው ነው አልን። እሷ ግን ካርዶቹን አውጥታ ደርድራቸዋለች። ሁሉም ላይ ቀኑ ተጽፏል። ከፊሎቹ በጳጉሜን የተወለዱ ናቸው። የቀሩት በጥቅምት 29 ወይም 30።

ጳጉሜኑ ወዲያው ገባን፤ ጸሐፊዎቹ የእኛን ቀን እንዳለ ነው የሚያስገቡት፣ ዳታቤዙ ደግሞ 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምት ግን? ዝም አልን። ልጅቷ ጣቷን ዘረጋች። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ደግሞ ፌብሩወሪ ነው፣ 30 የለውም፣ 29ም በአራት ዓመት አንዴ ነው። አሮጌው ማይኤስኪውኤል የማይሆን ቀን ሲሰጡት አይጮህም፤ ዝም ብሎ ዜሮ ያደርገዋል። ጥቅምት 29 የተወለዱት አንዳንዶቹ የተረፉት የልደት ዓመታቸው ለአራት የሚካፈል ስለሆነ ነው።

የባሰው ገና ነበር። ዜሮ የሆኑት ቢያንስ ይታያሉ። የቀረው ሁሉ፣ ሺዎቹ፣ የእኛ ቀን ሆኖ እንደ ፈረንጅ ቀን ተቀምጧል። ሲስተሙ ዕድሜ የሚያሰላው በፈረንጅ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ይወጣል። ነርሶቹ ያውቁ ነበር፣ ለዚህ ነው ዕድሜን ከስክሪኑ የማያነቡት። «ለምን አልነገራችሁንም?» ስንል «ሲስተሙ እንደዚያ ነው ብለን» አሉ። እንደ ዝናብ።

ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብን። አሁን ውስጥ የሚቀመጠው ፈረንጁ ነው፣ ስክሪን ላይ የሚታየው የእኛው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት የሚያሰላውን የጻፈችው ልጅቷ ናት። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ነው፤ 2015 እንደዚያ ነበር።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ቡናው ከመፍላቱ በፊት ሌላ ሥራ አለን። የመጨረሻውን ባክአፕ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ እመልሰዋለሁ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመደርደሪያው አንድ ካርድ ይመዛሉ። ላፕቶፑ ላይ እንፈልገዋለን። ስሙ፣ ልደቱ፣ የመጨረሻው ጉብኝት ከገጠመ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ከዚያ እሳቱን ያራግባሉ።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ ጠርቶኝ፣ በቀልድም በቁም ነገርም፣ «ሁሉን ካስተማርካቸው አንተን ለምን እናስቀምጥሃለን?» አለኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅሁም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ነኝ። ከስድስቱ ሁለቱ ሥራ አግኝተው አዲስ አበባ ሄደዋል፣ አንዱ አሁን ከእኔ እጥፍ ይከፈለዋል። ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ። ግን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጥያቄ ስልክለት ይመልስልኛል። የቀደመኝን ልጅ ስልክ ዝግ ሆኖ ላገኘሁት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ባክአፑ ያለበትን ሃርድ ዲስክ፣ በፓስዎርድ ተቆልፎ፣ በልጄ ልብሶች መሀል ከትቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ተቀመጥን። የደብተሩን ገጾች ቀድሞውኑ ፎቶ አንስተን ለሁሉም አዳርሰን ነበር።

ኅዳር አልቆ ከተማው ሲከፈት እናቴ ታማብኝ መመለስ አልቻልኩም። ቀድማ የገባችው ልጅቷ ናት። ደረጃው ሥር ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ ገመዱ ሳይቀር የለም፣ አለችኝ በስልክ። ካርዶቹ ወለል ላይ ተበትነዋል፣ ግን አሉ። እትዬ ቁጭ ብለው በፊደል ተራ እየደረደሩ ነው። ሃርድ ዲስኩን በማምነው ሾፌር ላክሁላት። ፖስታው ካዝናው ውስጥ ስላልተገኘ ፓስዎርዱን በስልክ አነበብኩላት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አልደወለችም። ስደውል አታነሳም። ያ ሁለት ቀን የነሐሴውን ያህል ረዘመብኝ።

በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላከችልኝ። የእኔ ደብተር ገጽ ነው፣ «ሰርቨር ከጠፋ» የሚለው፣ ወረቀት ላይ ታትሞ። ተራ 4 ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦

«እዚህ አንድ ነገር ጎድሏል። ባክአፑ ውስጥ የክሊኒኩ ዳታቤዝ ብቻ ነው ያለው፣ ዩዘሮቹና ፈቃዳቸው የሉም። ፕሮግራሙ መግባት እምቢ አለ። አንድ ቀን ፈጀብኝ። አንተ በየወሩ የምትሞክረው ያንተ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ደግሞ ዩዘሩ ድሮ ስለነበረ፣ አይተኸው አታውቅም።»

ከሥሩ በሰማያዊ፣ በእትዬ የእጅ ጽሑፍ፦ «ካርዱ ገጥሟል።»